የቶሬልያው መልአክ ቀኝ እጅ

ማክሰኞ ጠዋት ኤሊሴዮ ዱርባን ዳቦውን በወይራ ዘይት እያጠቀሰ የተፈታኞችን ስም ዝርዝር ሲያነብ አንዱ ስም ላይ ደረሰና ሳቅ አለ። ሚስቱ ኦርቴንሲያ ጀርባዋን ሰጥታው ቲማቲም ትከትፋለች። ሠላሳ አምስት ዓመት አብረውት የኖሩትን ሰው ሳቅ ለመለየት መዞር አያስፈልግም። ይህኛው ደግ ሳቅ አልነበረም።

«አምፓሮ ሶላና ተመዝግባለች» አላት። «ምን ያለች ደፋር ናት በይ።»

ቢላዋው ኦርቴንሲያ እጅ ላይ ቆመ። ሐሙስ ዕለት በሳን ቲርሶ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የጥንት ጊታር መምህር ለመቅጠር ፈተና አለ። ዳኞቹ አምስት ናቸው። ኤሊሴዮ ጡረታ ከወጣ ሰንብቷል፣ ግን እሱ የሌለበት ዳኝነት በዚያ ቤት ታይቶ ስለማይታወቅ ሰብሳቢው እሱው ነው። አምፓሮ ደግሞ በእጁ ካለፉት ተማሪዎች ሁሉ የምትበልጠው ናት፤ ይህን እሱ ራሱ ለሰው ሁሉ ይናገር ነበር፣ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት እስከተጣሉ ድረስ።

«እንሰማታለና» አለ አፉን እየጠረገ። «ጣቷን ካላነሳች ግን ብዙም አናደክማትም።»

ነገሩ የጣት ነገር ነው። ለማያውቅ ሰው ሞኝነት ሊመስለው ይችላል፤ በሳራጎሳ ግን በዚህች ጣት የተነሳ ሰላምታ የተቋረጡ ሰዎች አሉ። የዛሬ አምስት መቶ ዓመት ጊታር እንዴት ይመታ እንደነበር የሰማ ጆሮ በሕይወት የለም። የቀረው ሥዕል ነው። አውራ ጣት ወዴት ታዘነብል እንደነበር፣ ሌሎቹ ጣቶች ክሩን በየት በኩል ይነኩት እንደነበር ማወቅ የሚፈልግ ሰው፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየቤተ መንግሥቱ እየዞረ፣ ሞቶ የበሰበሰ ሠዓሊ የተዋቸውን እጆች አንገቱን አስግጎ ያያል። አብዛኞቹ እጆች ትንሿን ጣት ከክሮቹ ሥር፣ በጊታሩ የእንጨት ደረት ላይ አሳርፈዋታል። የቶሬልያው መልአክ ግን ብቻውን ትንሿን ጣቱን ቀጥ አድርጎ አየር ላይ አንስቷታል። ሥዕሉ ደግሞ በዕድሜ ከሁሉም ይበልጣል። ኤሊሴዮ ከዚያ ተነስቶ፣ የጥንት የጥንቱ እጅ ምንም ሳይደገፍ ተንሳፍፎ ይመታ ነበር፣ ጣት ማሳረፍ በኋላ የመጣ ስንፍና ነው ብሎ መጽሐፍ ጻፈ። ሠላሳ ዓመት ሙሉም ተማሪዎቹን ትንሿን ጣት እያስነሳ አሳደገ። ተቀናቃኞቹ የእሱን ተማሪዎች ሲያዩ ጣታቸውን አንስተው ሻይ የሚጠጡ ወይዛዝርት ይመስላሉ እያሉ ይቀልዳሉ።

ያችን ጣት የቀባቻት ኦርቴንሲያ ናት።

የዛሬ ሠላሳ ስምንት ዓመት፣ ትዳር ሳትይዝ፣ የአሮጌ ሥዕል ጠጋኝነት ፈቃዷን ካገኘች ገና ሦስት ዓመቷ ሳለ፣ የትውልድ መንደሯ የቶሬልያ ቄስ አባ ሳቱርኒኖ አስጠሯት። ከመንበሩ ኋላ ያለው ትልቁ የእንጨት ሥዕል፣ እመቤታችን በመላእክት ተከባ የተቀመጠችበት፣ በሻማ ጥላሸት ጠቁሮ ነበር። ኦርቴንሲያ አጥባ አጥባ ስትጨርስ፣ ከታች በግራ በኩል አራት ጥንድ ክር ያላት ወገበ ቀጭን ጊታር የታቀፈ መልአክ ብቅ አለ። ፊቱ ደህና ነው። ክንፉ ደህና ነው። ግራ እጁም ደህና ነው። ቀኝ እጁ ግን የለም። አንድ ዘመን የወደቀ ሻማ ከአንጓው በታች ያለውን በልቶት፣ የከሰለ ባዶ እንጨት ብቻ ቀርቷል።

ሙያው ሕግ አለው። የጠፋውን የሚሞላ ጠጋኝ በቀጫጭን መስመሮች ነው የሚሞላው፤ ከሩቅ ያየው ሙሉ ሥዕል ይታየዋል፣ ጠጋ ብሎ ያየው ግን አሮጌውንና አዲሱን ይለያል። ኦርቴንሲያም እንደ ሕጉ ጀምራ ነበር። አባ ሳቱርኒኖ መሰላሉ ሥር ቆመው አይተው ግን ቅር አላቸው። በዓሉ ደርሷል፣ ሰዉ የሚመጣው ሊጸልይ እንጂ መስመር ሊቆጥር አይደለም፣ መልአክ ለመልአክ ባለ መስመር እጅ ይሰጠዋል ወይ እያሉ ነዘነዟት። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን የቄሱ ንዝነዛ ሰበብ ብቻ ነበር። ሰውዬው እንደሣለው አድርጌ እኔም መሣል እችል ይሆን የሚል ነገር ውስጧን ያሳክካት ነበር። ቻለች። የተቃጠለውን በጀሶ ደፈነች፣ እጁን ሙሉ አድርጋ ቀባች፣ ቀለሙን በመርፌ ሰነጣጠቀች፣ በላዩ ላይ ጠቆር ያለ ቫርኒሽ ደረበችበት። ሲደርቅ እሷ ራሷ መገጣጠሚያውን አጣችው፤ መሰላሉ ላይ ቆማ በደስታ ሳቀች።

እጅ ለመሣል የሚታይ እጅ ያስፈልጋል። ያገኘችው የአባቷን ነው። አባቷ ማርሴሊኖ የቶሬልያ ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ እንደ ማንኛውም የዚያ አገር ፀጉር አስተካካይ ከመስታወቱ አጠገብ ጊታር ይሰቅላል፣ ወንበር ባዶ ሲሆንም ይመታል። በወጣትነቱ ሲወድቅ የነበረ ምላጭ ልቅለብ ብሎ የትንሿ ጣቱን ጅማት ቆርጦት፣ ከዚያ ወዲህ ጣቲቱ አልታጠፍም ብላ ቀጥ እንዳለች ቀርታለች። ጊታር ሲመታም፣ ፂም ሲላጭም፣ ሾርባ ሲጠጣም ቀጥ ብላ ቆማ ነው። ኦርቴንሲያ ከልጅነቷ ጀምሮ ስታያት ስላደገች ነውር መሆኗ እንኳ ትዝ አላላትም። እንዳየችው ሣለችው። ለመንግሥት ባስገባችው ሪፖርት ላይ «ታጥቦ ቫርኒሽ ተቀብቷል» ብላ ጻፈች። ከመቀባቷ በፊት ያነሳችውን የከሰለ እንጨት ፎቶግራፍ በፖስታ ከትታ ደበቀችው።

በዓመቱ አንድ ቀጭን፣ አንገቱ ረዥም፣ ዓይኑ የሚያበራ ጊታር ተጫዋች ቶሬልያ መጣ። ወንበር ላይ ወጥቶ፣ ጊታሩን ታቅፎ፣ መልአኩን እያየ ጣቱን ሲያነሳና ሲያወርድ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆመ። ሥዕሉን ያደሰችው የፀጉር አስተካካዩ ልጅ ናት ሲሉት ወደ እሷ መጣ። እጁን ነክተሽዋል ወይ ብሎ ጠየቃት። እውነቱን ብትናገር ፈቃዷን ይነጥቋታል፤ ግን እሱ ብቻ አልነበረም ያስዋሻት። ሰውዬው በደስታ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ያንን ደስታ የማጥፋት አንጀት አጣች። ጥላሸቱን ብቻ ነው ያጠብኩት አለችው። መጽሐፉ በዓመቱ ወጣ፣ ሠርጋቸው በሁለተኛው ዓመት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ኦርቴንሲያ ለባሏ ያልሆነችው ነገር የለም። ሸሚዙን ስትተኩስ፣ ንግግሩን ስትገለብጥ፣ አሥር ጊዜ የሰማችውን ቀልድ ስትስቅ፣ ሁሉም የካሳ ሥራ ነበር። ሰዉ ምን ያለች ሚስት ናት ይላል፤ እሷ ደግሞ በሰማች ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትወዳለች።

ከሁሉም የከፋው ግን የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት የሆነው ነው። በአንድ ጉባኤ ላይ አምፓሮ፣ ያኔ ገና ወጣት፣ ሁለት መቶ ሰው ፊት ቆማ አሥራ አራት ሥዕሎችን በግድግዳው ላይ እያበራች አሳየች። ከቫሌንሲያ እስከ ናፖሊ የተሰበሰቡ ናቸው። በአሥራ አራቱም ትንሿ ጣት እንጨቱ ላይ አርፋለች። በአንዱማ የጣቷ መደገፊያ ቦታ ላይ የእንጨቱ ቀለም ተፍቆ ይታያል፤ ሠዓሊው ያችን የተፋቀች ቦታ እንኳ አልዘለላትም። እንግዲህ ወይ የቶሬልያው መልአክ ተሳስቷል፣ ወይ ሰው ነክቶታል ብላ ጨረሰች። አዳራሹ ተንጫጫ። ኤሊሴዮ ቀስ ብሎ ተነሳ። የእኔ ተማሪ አሥራ አራት ሥዕል ስትመረምር አሥራ አምስተኛውን በእጇ የዳሰሰችውን ሴት መጠየቅ ረሳች፣ ሴትየዋ ደግሞ ይኸው እዚሁ ተቀምጣለች አለ።

«ኦርቴንሲያ፣ ተነሺ እስቲ። የመልአኩን እጅ ቀብተሽዋል?»

ተነሳች። አምፓሮ በተስፋ ነበር የምታያት። «አጥቤዋለሁ እንጂ አልቀባሁትም» አለችና ተቀመጠች። ሰዉ ሳቀ። አምፓሮ ወረቀቶቿን ስትሰበስብ አንዱ ወደቀባት፤ ጎንበስ ብላ ማንሳት እንኳ አቅቷት ጥላው ወጣች። በዚያው ዓመት ትምህርት ቤቱ የማስተማር ውሏን ሳያድስላት ቀረ፤ ወደ ሁዌስካ ሄዳ በከተማው የባህል ማዕከል ሕፃናት ታስተምራለች ተባለ። ኦርቴንሲያ ያቺን የወደቀች ወረቀት አንስታ ወደ ቤት ወስዳታለች። ለምን እንደወሰደቻት አታውቅም።

እንግዲህ ማክሰኞ ምሳ ላይ፣ ሾርባው ቀርቦ፣ ኤሊሴዮ ማንኪያውን እንዳነሳ፣ ኦርቴንሲያ ሳትቀመጥ ተናገረች። ጠዋቱን ሙሉ ስታሰላስለው ያረፈደችው ረዥም ንግግር ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን አጭር ሆነ።

«ኤሊሴዮ፣ የመልአኩን እጅ የሠራሁት እኔ ነኝ።»

ኤሊሴዮ ሾርባውን ፉት አለ። «ጨው አንሶታል» አለ።

ያልሰማት መሰላት። «ተቃጥሎ ነበር። የአባዬን እጅ ነው የሣልኩት። ጣቱ የቆመው ምላጭ ስለቆረጠው ነው።»

«አውቃለሁ።»

ኦርቴንሲያ የወንበሩን መደገፊያ ያዘች። ኤሊሴዮ ማንኪያውን አስቀመጠ፤ አላያትም። ሠርጋቸው ዕለት አባቷ ሞቅ ብሎት ጊታር ሲያነሳ እሱ ከፊቱ ተቀምጦ እንደነበር ነገራት። ጣቲቱን እንዳያት አወቃት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀን ከሌት ሲያያት የከረመውን ጣት እንዴት ይስታል። መጽሐፉ ያኔ ወጥቷል፣ ሰው ሁሉ እጁን ጨብጦታል። ሙሽራዬን ሐሰተኛ፣ ራሴን ጅል ልበል ወይ? ብሎ አሰበ። ነገ እናገራለሁ አለ። ነገ ደግሞ የሚያልቅ ነገር አይደለም።

ኦርቴንሲያ መጀመሪያ የተሰማት፣ ብታፍርበትም፣ እፎይታ ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት ብቻዬን ተሸከምኩት ያለችው ለካስ የሁለት ሰው ሸክም ኖሯል። እፎይታው ግን ወንበር ስባ እስክትቀመጥ እንኳ አልቆየላት። አንድ ነገር ውል ብሏት ክው አለች።

«ጉባኤው ላይ፣ ያን ቀን፣ ስትጠይቀኝ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እና ለምን ጠየቅኸኝ?»

«ምን እንደምትመልሺ ስለማውቅ» አለ ኤሊሴዮ።

ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ እንዲያውም ያዘነ ይመስል ነበር፣ እጇንም ያዝ አደረጋት። ሰባ አራት ዓመቴ ነው ኦርቴን አላት። ሐሙስ ይለፍና ነገሩ ሁሉ ያረጃል፣ ልጅቷም ሌላ ቦታ አታጣም አለ። ኦርቴንሲያ እጇን አልነጠቀችውም። ሠላሳ አምስት ዓመት ሲቆጠቁጣት የኖረው ይህን ሰው አታለልኩት የሚል ነበር። አሁን ያ ሐሳብ ከልቧ ሲወጣ ቦታው ባዶ አልቀረም፤ አምፓሮ ገብታ ተቀመጠችበት፣ ያቺ ወረቀቷን ማንሳት ያቃታት ልጅ። እስከ ዛሬ እዚያ ቦታ መቀመጥ የነበረባት እሷ ነበረች። ኦርቴንሲያ ካሳውን ለማይገባው ሰው ስትከፍል ነው የኖረችው።

በማግስቱ ረቡዕ ፖስታውን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ በአውቶቡስ ሁዌስካ ወረደች። አምፓሮ የምትኖረው ከዳቦ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ቤት ነው። በሩን ከፍታ ስታያት ለሰላምታም ለስድብም አልቸኮለችም።

«ዶኛ ኦርቴንሲያ፣ ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?» አለቻት።

አልሞተም፣ ግቢ በይኝና ልንገርሽ አለች ኦርቴንሲያ። ፎቶግራፉን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ መልአኩ ክንፉን ዘርግቶ፣ ጊታሩን አቅፎ፣ ቀኝ እጁ ቦታ ላይ ጥቁር ጉድጓድ። ስለ አባቷም፣ ስለ ምላጩም፣ ስለ ሪፖርቱም ሳትዘል ነገረቻት። ያን ቀን ዋሽቼ ነው አለች። አምፓሮ ፎቶግራፉን ወደ መስኮቱ ወስዳ አገላብጣ አየችው። ኦርቴንሲያ ስድብ ጠብቃ ነበር፤ ስድብ ቢመጣ ደስ ባላት። አምፓሮ ግን ከግድግዳው ጊታሯን አወረደች።

«ይዩኝ» አለችና አንድ አሮጌ የጭፈራ ዜማ ጀመረች።

ቀኝ እጇ ክሮቹ ላይ ይሮጣል። ትንሿ ጣቷ ቀጥ ብላ አየር ላይ ቆማለች።

ሁለት ዓመት ፈጀብኝ አለች አምፓሮ ዜማውን ሳትጨርስ አቁማ። በጨርቅ ቁራጭ ወደ ላይ እየጎተትኩ እያሰርኩ ነው ያለማመድኳት። መጀመሪያ ያማል፣ ከዚያ ትደነዝዛለች፣ ከዚያ ትለምዳለች። ሳን ቲርሶ የምገባበት ሌላ በር አልነበረኝም፣ እልህም ያረጃል ዶኛ ኦርቴንሲያ አለች። አሁን ላውርዳት ብል እንኳ እንቢ ትላለች። ለማሳየት ጣቷን በግራ እጇ ወደ እንጨቱ ተጫነቻት፤ ስትለቃት ተመልሳ ተነሳች።

ኦርቴንሲያ አባቷን ነበር የምታየው። አባቷ ጉዳቱን ደብቆ አያውቅም፤ ደንበኞቹ ሲያላግጡበት ያቺ ጣቴ ኩራተኛ ናት፣ ሥራ አትወድም ይላቸው ነበር። የሱን ጉዳት የትምህርት ሥርዓት ያደረገችው እሷ ናት። ይህቺ ደግሞ ጤነኛ ጣት ነበረች። «እኔ ነኝ ያሽመደመድኩሽ» አለቻት፣ እንባዋም መጣ።

አምፓሮ አላጽናናቻትም፤ ውሃ ቀድታ ሰጠቻትና ከፊቷ ተቀመጠች።

«አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። እሱ ያውቅ ነበር?»

ኦርቴንሲያ ከሳራጎሳ ስትነሳ ሁሉንም ልናገር ብላ ነበር የተነሳችው። አውቶቡስ ውስጥም ለራሷ ደጋግማዋለች። ግን ዓይኗ ላይ የመጣው ኤሊሴዮ ሾርባው ላይ አቀርቅሮ፣ ሰባ አራት ዓመቴ ነው ሲላት ነው። አፏ ቀደማት።

«አያውቅም። እሱም እንዳንቺው ተታሏል።»

አምፓሮ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው ፊቷ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት ከላይዋ የወረደ ይመስላል። ያን ዓመት ለማኤስትሮ፣ ለመምህሬ፣ ደብዳቤ ጽፌለት ነበር አለች። ሌባ ብዬዋለሁ። እውነት እያወቅህ ቀበርከኝ ብዬዋለሁ። መልስ አልሰጠኝም፣ እንዴትስ ይመልስልኛል፤ ምስኪን፣ በገዛ ዓይኑ ያየውን ነው ያመነው። እኔም ብሆን አምን ነበር። ይህን እያለች ተነስታ ስልኳን አነሳች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለች ኦርቴንሲያ።

«ልደውልለት ነዋ። ነገ ዳኛ ሆኖ ሳይቀመጥ በፊት ይቅርታ ልጠይቀው። እንደ አባቴ ነበር እኮ።»

ቁጥሩ ከነስሙ አለ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሳትሰርዘው ኖራለች። አውራ ጣቷ ስሙ ላይ ልታርፍ ስትል ኦርቴንሲያ ከወንበሯ ዘላ እጇን ስልኩ ላይ ጫነች። በሕይወቷ እንዲህ ፈጥና የተነሳችበት ቀን ትዝ አይላትም።

«ያውቅ ነበር» አለች። «ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ። ጉባኤው ላይ ሲጠይቀኝም ያውቅ ነበር። አሁንም ዋሸሁሽ፣ አምፓሮ። አሁን፣ እዚሁ፣ ውሃሽን እየጠጣሁ።»

ከታች ዳቦ ቤቱ በር ላይ ሁለት ሴቶች ስለ አንድ ሠርግ ይሳሳቃሉ። አምፓሮ ስልኩን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ለእኔ ብቻ ሹክ ብለውኝ አይሄዱም» አለች። «ያን ቀን ሁለት መቶ ሰው ፊት ነው የተናገሩት። ነገም ሰው ፊት ይናገሩ። ሁለቱንም፤ እጁንም፣ እሱ ማወቁንም።»

ኦርቴንሲያ እሺ አለች። ይቅርታ አልጠየቀችም፤ ለመጠየቅ ፊት አልነበራትም።

ሐሙስ ጠዋት ኤሊሴዮ እንደ ወትሮው ከረባቱን እንድታስርለት አንገቱን ሰጣት። አሰረችለት። ቋጠሮው እንደ ሁልጊዜው አማረ፤ ይህም ራሱ አሳፈራት። እመጣለሁ፣ ከኋላ እቀመጣለሁ ስትለው ግንባሯን ሳማት። የማክሰኞው ነገር በሰላም ያለቀ መስሎታል።

የሳን ቲርሶ አዳራሽ ሞልቶ ነበር፤ የድሮ ተማሪዎች፣ የጊታር ሠሪዎች፣ ተቀናቃኞቹም ጭምር መጥተዋል። አምፓሮ ስሟ ሲጠራ ወጥታ ተቀመጠች፣ ጊታሯን ጭኗ ላይ አደረገች፤ ከመጀመሬ በፊት አንድ ሰው የሚናገረው አለ አለች። ኦርቴንሲያ ተነሳች። ኤሊሴዮ ከዝርዝሩ ቀና ብሎ ሲያያት፣ እጇ ላይ ያለውን ፖስታም ሲያይ፣ ራሱን በጥቂቱ፣ ለሌላ ሰው በማይታይ ሁኔታ ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሲኖሩ አንድም ቀን እንዲህ ለምኗት አያውቅም። ትወደዋለች፤ ቢሆንም ፖስታውን ከፈተች።

«የቶሬልያውን መልአክ ቀኝ እጅ የቀባሁት እኔ ነኝ» አለች። «የአባቴ እጅ ነው። ያኔ አልቀባሁትም ብዬ ዋሽቻለሁ። ባለቤቴም ያውቅ ነበር።»

ፎቶግራፉ ከዳኛ ወደ ዳኛ ዞረ። ስለ እጁ የተናገረችውን ማንም ሊክድ አልቻለም፤ የከሰለው እንጨት እዚያው ነው። አንደኛዋ ዳኛ፣ ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች ሴት፣ ወደ ሰብሳቢው ዞረች።

«ማኤስትሮ፣ ያውቁ ነበር?»

ኤሊሴዮ ፎቶግራፉን ብዙ ጊዜ አየው፣ ከዚያም መነጽሩን አወለቀ።

«አላውቅም ነበር» አለ፣ በለሰለሰ ድምፅ። «እንደናንተው ዛሬ መስማቴ ነው። ይቅርታ አድርጉላት። ባለቤቴ ሰሞኑን ደክሟታል።»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ ኦርቴንሲያን አየ። አንዳንዱ በሐዘኔታ ነበር፣ አንዳንዱ በትዝብት፤ ከኋላ ደግሞ አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ማስረጃ የላትም። ሾርባው ላይ የተባለውን የሰማ ሌላ ጆሮ የለም። ያኔ ገባት፣ አምፓሮ በዚያች ቀን የቆመችበት ቦታ ይህ ነው። እዚህ ላይ ያቆመቻት ኦርቴንሲያ ራሷ ናት። አምፓሮም ከዚህ ነው ወረቀቷን ሳታነሳ የወጣችው።

አምፓሮ ወደ እሷ አልዞረችም። ትንሿን ጣቷን በግራ እጇ ይዛ፣ እንደ አሥራ አራቱ ሥዕሎች፣ የጊታሩ ደረት ላይ ተጫነቻት፣ እዚያው ለማቆየት ከንፈሯን ነከሰች፣ መምታትም ጀመረች። ዜማው በሦስተኛው ሐረግ ላይ ተሰናከለ፣ በአምስተኛውም ተሰናከለ። አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ተቀመጪ እንጂ እያለ የኦርቴንሲያን እጅጌ ሳብ አደረጋት። አልተቀመጠችም፤ ዜማው እስኪያልቅ ድረስ እንደቆመች ቆየች።